በረዶው ሲሳብ ባሌን ልቀበል ሄድኩ

ባሌ ኡያራክ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ የልጄ የማርኩሲ ሚስት ኤሊሳፒ በእናቷ መንደር ሴት ልጅ ተገላገለች። ዜናውን የነገረችኝ ኤሊሳፒ ብትሆን ምን ነበረበት። የነገረችኝ እናቷ ሚኪዩክ ናት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ በስልክ።

«ተገላግላለች፣ ሁለቱም ደኅና ናቸው» አለች። «የልጅቷን ስም ነገ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬዲዮ እናገራለሁ።»

«ማን ልትያት ነው?»

«ሲነገር ትሰሚያለሽ» አለችና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ሚኪዩክን እናንተ አታውቋትም፤ እኔ አርባ ዓመት አውቃታለሁ። በልጆቻችን ሠርግ ዕለት ቤቷ ስገባ ጫማዬን ደጃፉ ላይ ባወልቅ፣ አንስታ ገልብጣ ስፌቴን በጣቷ እየዳበሰች «ሰፋ ሰፋ አድርገሽ ነው የምትሰፊው» ያለችኝ ሴት ናት፣ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔ ውሃ የማያስገባ ጫማ ሰፍቼ ባሌን ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ያዋልኩ ሴት ነኝ። ይህንን እስክሞት አልረሳላትም።

ስም የዋዛ ነገር አይደለም። በእኛ በሰሜን በረዶ ምድር በምንኖር ኢኑዊቶች ዘንድ ሰው ሲሞት ስሙ ሜዳ ላይ አይቀርም፤ የሚወለድ ልጅ ይወስደዋል፣ ወንድ ሆነ ሴት ለውጥ የለውም። ስሙን የወሰደ ደግሞ ሰውየውን ሆነ ማለት ነው። የእኔ አባት ዛሬ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ነው። ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ውጭ ሳገኛት «አባዬ፣ ቆብህን አጥልቅ፣ ይበርድሃል» እላታለሁ፣ እሷም ሳትከራከር ታጠልቃለች። አባቴ በሕይወት ሳለ እንዲህ ታዞልኝ አያውቅም።

የኡያራክ ስም ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማረፊያ አጥቶ ቆየ። በመካከሉ ሁለት ልጆች ተወልደው ሁለቱም አመለጡኝ፤ አንዱ ሲወለድ የሳንባ ምች ይዞኝ አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ሌላውን ደግሞ የእናቱ ወገኖች ቀደሙኝ። ሻይ እያፈላሁ «ባሌ፣ ትጠጣለህ?» ብዬ ባዶ ወንበር ስጠይቅ ራሴን ያገኘሁበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ሆድ ባሰኝና ሻዩንም ሳልጠጣው ደፋሁት። ባሌ ብዬ የምጠራው ሰው እፈልግ ነበር። ሌላ ምንም አላማረኝም። ስም ደግሞ በስልክ አይለመንም፤ የሟቹ ቤተሰብ ሄዶ፣ ሕፃኑን ታቅፎ፣ በገዛ አፉ መጥራት አለበት። በሬዲዮ ከተነገረ በኋላ መንደሩ ሁሉ በተነገረው ስም ይጠራታል፤ ከዚያ ወዲያ ብመጣ እንግዳ እንጂ ሌላ አልሆንም።

ቅዳሜ ጠዋት አውሮፕላን ነበረ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጸሐይዋ ዓይን ታጠፋለች። ከታች ግን ነፋሱ ሥራውን ጀምሯል። ነፋስ በረዶን ሲያነሣ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ በአንዴ ብድግ አድርጎ የሚበትነው ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ይሳባል፤ ብናኙ መሬት ለመሬት እየተንከባለለ ከቁርጭምጭሚት በታች ይሄዳል፣ ጆሮ ለሰጠው ሰው ሹክሹክታ አለው። ነፋሱ ሲበረታ ይዘላል፤ አንዷ ቅንጣት ወድቃ ሁለቱን ታስፈነጥራለች፣ ሁለቱም ሌሎቹን፣ ጥቂት ቆይቶ ጉልበት የሚደርስ ጎርፍ ይሆናል። ከዚህ ሲብስ ይበራል፤ ያኔ ሰማይና ምድር አይለዩም፣ የገዛ እጅህንም አታየውም። ሲሳብ ትጓዛለህ፣ ሲዘል ተጠንቅቀህ ትጓዛለህ፣ ሲበር ቤትህ ትቀመጣለህ።

ያን ጠዋት ይዘል ነበር። አብራሪው በላያችን ሦስት ጊዜ ዞረ። እኛ እሱን አየነው፣ እሱም የቤቶቻችንን ጣሪያ አይቷል፣ እጃችንን ስናውለበልብ ሳያየንም አልቀረም፤ ማረፊያው ሜዳ ግን በወተት ጎርፍ ሥር ተቀብሯል። ምን ያድርግ፣ ትቶን ሄደ። እኔ ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ከዚያ በቀጥታ ወደ አግላክ ቤት አመራሁ።

አግላክ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ደግ ነው፣ አዳኝም ነው፤ አንድ በሽታ ብቻ አለበት። «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል አፉ አያውቀውም። ስገባ ቂጣ በሻይ እየበላ ነበር።

«ዋርሳዬ፣ ሞተርህን አስነሣ» አልኩት።

«ወዴት?»

«ወንድምህን ልንቀበል።»

እያላመጠ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «እትዬ ኢቫሉ፣ በረዶው እኮ እየዘለለ ነው።»

«ጉልበቴ ድረስ እንጂ ዓይኔ ድረስ አልደረሰም።»

«ዓይንሽ ድረስ ከደረሰስ?»

«ያኔ አፌን እዘጋለሁ።»

«እሱን ለማየትማ እሄዳለሁ» አለና ካፖርቱን አነሣ።

መንገዱ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁሉም በብርድ የረጋ ባሕር፣ አንድ ኮረብታ እንኳ የለበትም። እሱ የበረዶ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው በገመድ በሚጎተተው ረጅም የእንጨት ጋሪ ላይ የአጋዘን ቆዳ አንጥፌ፣ ፔርሙዜን ጉያዬ ውስጥ ወሽቄ ተደላደልኩ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወጣን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ከደረቴ በላይ ጸሐይ፣ ከደረቴ በታች ወንዝ። የአግላክ ሞተር አይታይም፣ እግሩ አይታይም፤ ግማሽ ሰውዬ ወተት ላይ ሲንሳፈፍ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጎርፉ በጋሪው ዙሪያ ሲከፈልና ከኋላዬ ሲገጥም እያየሁ ደስታ ወጥሮ ያዘኝ። ዘፈንኩ። ድምፄ ደስ አይልም፣ አውቃለሁ፤ ሞተሩ ስለሚጮህ ማንም አይሰማኝም። ባሌን ልቀበል እየሄድኩ ነው፣ ዛሬ ያልዘፈንኩ መቼ ልዘፍን ነው።

እኩለ ቀን ላይ ደመና መጣና ጸሐይዋን ሸፈናት። ከላይም ነጭ፣ ከታችም ነጭ ሆነ። ነፋሱም አመሉ ተበላሸ፤ አንዴ ግራ ጉንጬን፣ አንዴ ቀኙን ይመታኛል። አግላክ ቆመና አቅጣጫ የሚያሳየውን መሣሪያ ከካፖርቱ የውጭ ኪስ አወጣ። ገላው ጋ አስጠግቶ መያዝ ሲገባው ብርድ ላይ አውሎት ባትሪው ሞቷል።

«ድሮም የልጆች መጫወቻ ነው» ብሎ መልሶ ከተተው። «መሬቱ ይመራናል።»

እውነቱን ነው፣ መሬቱ ይመራል። ክረምቱን ሙሉ የሚነፍሰው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ በረዶውን እየፈለፈለና እየጠፈጠፈ ምላስ የመሰሉ ጉብታዎች ይሠራል፤ ሁሉም ጫፋቸውን ወደ ነፋሱ እንዳዞሩ ይደርቃሉ። ዓይን አያስፈልግህም። ጋሪው ሁልጊዜ በአንድ ሰያፍ እያቋረጣቸው ካለፈ መንገድህ ቀጥ ያለ ነው። አባቶቻችን እንዲህ ነው የሄዱት። አግላክም እንዲሁ ሄደ፣ ተኩራርቶ፣ ጀርባውን አቅንቶ።

አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን አንድ ነገር ቀፈፈኝ። ጥርሴ አይጋጭም። የክረምቱ ምላስ እኮ አጥንት ነው፤ ጋሪው ሲወጣበት ራስ ቅልህ ድረስ ይሰማሃል። ይኼኛው ግን የዱቄት ጆንያ ላይ እንደመቀመጥ ነው፣ ልስልስ ያለ። አዝናለሁ፣ ግን የእኔ መቀመጫ ከአግላክ ዓይን የበለጠ ያውቃል። ወዲያው ገባኝ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ከሰሜን ምሥራቅ ነፍሶ ነበር። ይህ የሦስት ቀን እንግዳ ነፋስ አሮጌዎቹን ምላሶች ቀብሮ በላያቸው የራሱን ሠርቷል፣ በሌላ አቅጣጫ። አግላክ እንግዳውን የቤቱ ጌታ አድርጎ ቆጥሮታል። ወደ ምሥራቅ የሄድን መስሎት ወደ ደቡብ ዞሯል፤ በደቡብ በኩል ደግሞ ባሕሩ አልረጋም።

«አግላክ» ብዬ ተጣራሁ። ሳይዞር እጁን አወዛወዘልኝ፣ ልክ ሰላም ያልኩት ይመስል። ደግሜ ጮህኩ። ወይ አልሰማም፣ ወይ እንዳልሰማ ሆነ። ደሜ ፈላ። ምን ላድርግ? ቆዳዬን ተጠቅልዬ ከጋሪው ላይ ተንከባልዬ ወረድኩ።

ጋሪው ሄደ። እኔ በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ ጎርፉ እስከ አገጬ። ብናኙ ከፊቴ እየተገጨ፣ ከጀርባዬ እየተጠራቀመ፣ ከወገቤ ጀምሮ አንዲት ትንሽ ጉብታ ይሠራብኝ ጀመር። ነፋሱ እንደ ድንጋይ ቆጥሮኛል። ሳቄ መጣ። ከዚያ የሞተሩ ድምፅ ጠፋ፤ ሳቄም አብሮ ጠፋ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ባሌን ሳልጠራው እዚህ ብቀር፣ የእኔንም ስም ማን ይወስደዋል ብዬ አሰብኩ። ተነሣሁና ቆዳውን ከራሴ በላይ ከፍ አድርጌ ማወዛወዝ ያዝኩ።

አግላክ ጋሪው ቢቀለው ጊዜ ዞር ብሎ አይቶ ኖሯል። ዱካው ሳይሞላ እሱን ተከትሎ ተመለሰ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሽ ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም። ወረድኩ።»

«አብደሻል እንዴ? ባላገኝሽስ?»

«መንገድ ስተሃል፣ አግላክ።»

«አልሳትኩም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ስመላለስ...»

«የበረዶ ቢላህን ስጠኝ።»

ሰጠኝ። ተንበርክኬ ለስላሳውን እየቆረጥኩ ወደ ጎን ጣልኩት። ክንዴ እስከ ክርኑ ሲገባ ቢላው ጠንካራ ነገር ነካና ጮኸ። አግላክም ተንበረከከ። ሁለታችንም ጎርፉ ውስጥ ጭንቅላታችን ብቻ ቀርቶ ጠረግነው። የክረምቱ ምላስ ከሥር ተጋድሟል፣ ላዩ ላይ የተቀመጠውን አቋርጦ፣ ጫፉን ወደ ሌላ አገር አዙሮ። አግላክ ጓንቱን አውልቆ በባዶ እጁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው።

ወደምንሄድበት አቅጣጫ በከንፈሬ ጠቆምኩት። ከሩቅ የደመናው ሆድ ጠቁሯል።

«ያ ምንድን ነው?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«ደመና ነዋ።»

«ከደመናው ሥርስ?»

በረዶ በሌለበት ባሕር ላይ ያለ ደመና እንደሚጠቁር ልጅ ሆኖም ያውቃል። «ውሃ» አለ በቀስታ። ከዚያ ጓንቱን እያጠለቀ፣ «ነፋሱ ነው እንጂ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

እንደ አመሌ ቢሆን እስከ ማታ የምቀጥለው ንግግር ነበረኝ። ጆሮውን አየሁት፣ በብርድ ቀልቶ ከቆቡ ሥር ወጥቷል። የኡያራክ ጆሮ ነው፣ ቁርጥ። አንጀቴን በላኝ። «አዎ፣ ነፋሱ ነው» አልኩና ሻይ ቀዳሁለት።

ከዚያ በኋላ ሹፌሩ እሱ፣ መሪው የእኔ መቀመጫ ሆነ። በየጥቂቱ ዘወር ይላል፤ ጥርሴ ሲጋጭ ቀጥል እለዋለሁ፣ ሲለሰልስብኝ ግራ ወይም ቀኝ እጄን አነሣለሁ። አንድም ጊዜ አልተከራከረም። ከሁለት ሰዓት በላይ አጥተን ስለነበር የሚኪዩክን መንደር የሬዲዮ ምሰሶ ስናይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር።

ቤቱ ስገባ ሽፋሽፍቴ በበረዶ ተጣብቆ በአንድ ዓይን ነበር የማየው። ሚኪዩክ ስልኩን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«እንዲህ ባለ ቀን ማን ይጓዛል?» አለች።

«ባሏ የተወለደላት» አልኩ።

«የምን ባል? እናቴ ናት። ከትናንት ጀምሮ እማዬ እያልኳት ነው። ቃውናክ ናት።»

መልስ ላቀብላት አፌን ከፍቼ ፊቷን አየሁና ተውኩት። እናቷ የሞተችው ባለፈው መኸር ነበር። ሚኪዩክ ስልኩን እንደ ልጅ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛዋለች። አርባ ዓመት ሙሉ ስጣላት ይቺ ሴት እንደኔው ባዶ ወንበር የምታነጋግር መሆኗ ለአንድ ቀን እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ኤሊሳፒ ከአልጋዋ ሆና «ሁለታችሁም ድምፃችሁን ቀንሱ» አለች። «እማማ ኢቫሉ፣ እጅሽን አሙቂና ነይ ያዣት። ልጄ ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ሁለት ሰው ትችላለች።»

እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅሁ። ሕፃኗን ተቀበልኳት። ቀይ ናት፣ የተጨማደደች፣ ጸጉሯ እንደ ቡችላ የቆመ።

«ባሌ» አልኳት።

አንድ ዓይኗን ከፍታ አየችኝ። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ፣ አልጠረግሁትም። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሚኪዩክ ከጎኔ ተቀምጣ በጣቶቿ ስትቆጥር ቆየች። «ቆይ እስቲ» አለች። «እናቴ ባልሽ ከሆነች፣ እኔ ምንሽ ልሆን ነው?»

«የባሌ ልጅ። ስለዚህ ልጄ ነሽ። ነይ ጸጉርሽን ላበጥርልሽ፣ ተንጨባሯል።»

«አንቺ እናቴ? በዚያ ስፌትሽ?»

«እናትሽን እንዲህ ነው የምትናገሪያት?»

ሚኪዩክ አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው። እኔም አልቻልኩም። ሁለት አሮጊቶች አንዷ በሌላዋ ላይ ተደግፈን እስኪያመን ሳቅን። ልጄ ማርኩሲ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ግራ ገብቶታል።

«እንግዲያው ልጄ አባቴ ናት» አለ። «የአባቴ ልጅ ደግሞ እህቴ ነች፤ አማቴ እህቴ ሆነች ማለት ነው። ታዲያ ለሚስቴ አጎቷ ነኝ?»

«አጎቴ፣ ዳይፐር አቀብለኝ» አለችው ኤሊሳፒ።

ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሚኪዩክ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ደወለች። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ቃውናክና ኡያራክ ተመልሰው መጥተዋል፣ አንድ ላይ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ይመዝናሉ» ብላ ተናገረች። ከዚያማ የጣቢያው ስልክ አላረፈም። ሰው ሁሉ እየደወለ ዝምድናውን ሲያሰላ አመሸ። አንዲት ሴት ቃውናክ የክርስትና እናቷ ስለነበረች ነገ በጠዋት ልትስማት እንደምትመጣ ነገረች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ኡያራክ የዓሣ መረቤን ተውሶኝ ነው የሞተው፤ አይቸኩል፣ ጥርስ ሲያወጣ ይመልስልኝ» አለ። እኛ በየስልኩ እየሳቅን ኤሊሳፒን አላስተኛናትም።

አግላክ ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፣ የጢሙ በረዶ ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ። ቀስ ብሎ መጣና ጉልበቴ ሥር ተንበረከከ። አንድ ወፍራም ጣቱን ሰጣት፣ ሕፃኗም ጨበጠችው።

«ወንድሜ» አላት። «ዛሬ ተሳስቻለሁ። አዲሱን ከአሮጌው ሳልለይ ቀረሁ። ሚስትህን ውሃ ውስጥ ልከታት ነበር።»

ያንን ቃል ከአግላክ አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሕፃኗ አዛጋች።

«ይቅር ብሎሃል፣ ተነሥ» አለችው ሚኪዩክ፣ እሱም ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ ተነሣ።

በማግስቱ በረዶው መብረር ጀመረና አራት ቀን ማንም ከመንደሩ አልወጣም። አግላክ ሞተሩን ሊያይ እየወጣ ከበሩ ጋር የታሰረ ገመድ ይዞ ይመለሳል፣ ሚኪዩክ ታማርራለች። እኔ ምን ቸገረኝ። ሕፃኗን ታቅፌ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር። ባሌ፣ ተነሥ። ባሌ፣ ጡትህን ጥባ እንጂ። ባሌ፣ አሁንስ ሸናህብኝ። ባሌ፣ ተኛ፣ እዚሁ ነኝ። ሁለት ዓመት ሳልጠራው የቀረሁትን እስክጠግብ ጠራሁት።